የላም ጡት በሽታና ጠቃሚ ባክቴሪያዎች

የዛሬው የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት የሚያተኩረው በወተት ላሞች ላይ በሚደርሰው የጡት በሽታና ይህንኑ በሽታ በሕያዋን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ለመቆጣጠር በተደረጉ ምርምሮች ላይ ነው። በሳይንሳዊ አጠራሩ ማስታይቲስ የሚባለው የጡት በሽታ የላም ግት በተሕዋስያን ሲወረር የሚፈጠር ብግነት ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ የወተት እርባታን ክፉኛ ከሚያከስሩ በሽታዎች አንዱ ነው። ባክቴሪያ ያመጣውን በሽታ ባክቴሪያ ይከላከለዋል የሚለው ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ እንግዳ ቢመስልም ከሰባ ዓመት በላይ የኖረ የምርምር ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ስኬትም ውድቀትም ስላለበት አንዱን ነጥሎ ማቅረብ አድማጭን ያሳስታል። በዚህ ዝግጅት የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የላም ግት ከውጭ ሲታይ አንድ አካል ቢመስልም በውስጡ ወተታቸው በማይገናኝ አራት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል የሚታለበው በራሱ ጡት በኩል ነው። ከጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ የሚወስደው ቀዳዳ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጠባብ ቱቦ ነው፤ የውስጥ ግድግዳውም ኬራቲን በሚባል ሰም መሰል ነገር የተለበጠ ነው፤ ኬራቲን ጥፍርና ቀንድ የሚሠሩበት የፕሮቲን ዓይነት ሲሆን እዚህ ቦታ ላይ ሥራው ወደ ውስጥ የሚገባውን ተሕዋስ አጣብቆ ማስቀረት ነው። ላሟ ታልባ ስታበቃ ይህ ቱቦ ወዲያው አይዘጋም። ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ተኮማትሮ ቀዳዳውን እስኪዘጋው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ላሟ በዚያ ጊዜ ውስጥ እበት በበዛበት ወለል ላይ ከተኛች ወይም ጡቷ በቆሸሸ እጅና ጨርቅ ከተነካ ተሕዋሱ በተከፈተ በር እንደሚገባ ያህል ይገባል።

በሽታውን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ብዙ ዓይነት ቢሆኑም ባለሙያዎች እንደ አመጣጣቸው በሁለት ወገን ይመድቧቸዋል። የመጀመሪያዎቹ መኖሪያቸውን የታመመ ግትና የጡት ቆዳ ላይ አድርገው በአለባ ጊዜ በአላቢው እጅ፣ በጨርቅና በማለቢያ መሣሪያ ከላም ወደ ላም የሚተላለፉ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስና ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ በዋናነት ይጠቀሳሉ። ሁለተኛዎቹ በበረቱ ወለል፣ በጉዝጓዙና በእበቱ ውስጥ የሚኖሩ፣ አጋጣሚ ሲያገኙ ወደ ጡት የሚገቡ እንደ ኢሸሪሺያ ኮላይና ስትሬፕቶኮከስ ኡቤሪስ ያሉ ናቸው። የበሽታ አምጪውን ማንነት መለየት ለመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ በኋላ እንደሚታየው አንድ ጠቃሚ ባክቴሪያ በአንዱ በሽታ አምጪ ላይ ኃይለኛ ሆኖ በሌላው ላይ ፈጽሞ ሊሰንፍ ይችላል።

በሽታው በሁለት መልክ ይታያል። ግልጽ በሆነው መልኩ ግቱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይተኩሳል፣ ላሟ ሲነኳት ትራገጣለች፤ የመጀመሪያው የአለባ ወተት ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር መደብ ባለው ኩባያ ላይ ሲጨመቅ በውስጡ ነጫጭ ጓጓላ ይታያል፤ ሲብስም ወተቱ ቀጥኖ አጓት ይመስላል፣ ደምም ሊቀላቀልበት ይችላል። ስውር በሆነው መልኩ ግን ላሟም ወተቱም ለዓይን ጤናማ ሆነው ሳለ ምርቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ በሽታውም ለሌሎች ላሞች ይተላለፋል። ስውሩን በሽታ በበረት ውስጥ ለመለየት የሚያገለግለው ቀላል መንገድ በ1957 ሻልምና ኑርላንደር የተባሉ ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት የካሊፎርኒያ የጡት በሽታ መመርመሪያ ነው። ከአራቱ ጡቶች ትንሽ ትንሽ ወተት አራት ጎድጓዳ ቦታ ባለው ሰሌዳ ላይ ይታለብና ሳሙና ነክ ፈሳሽ ተጨምሮበት ሰሌዳው በክብ ይወዛወዛል፤ ወተቱ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በዝተው ከተገኙ ፈሳሹ ሴሎቹን አፈንድቶ የውስጣቸውን ዲ.ኤን.ኤ. ስለሚያወጣው ድብልቁ እየወፈረ ይዝለገለጋል። የጤናማ ግት ወተት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ100,000 በታች ሴሎች ሲኖሩት፣ ቁጥሩ ከ200,000 ሲያልፍ የበሽታ ጥርጣሬ ይነሣል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፔኒሲሊንና እርሱን የመሰሉ አንቲባዮቲኮች ወደ እርባታው ከገቡ በኋላ የበሽታው ቁጥጥር መልኩን ለወጠ። በእንግሊዝ አገር ሬዲንግ ከተማ አጠገብ የነበረው ብሔራዊ የወተት ምርምር ተቋም በ1960ዎቹ ያወጣው ባለ አምስት ነጥብ ዕቅድ ዛሬም ድረስ የብዙ አገሮች መመሪያ መሠረት ነው፤ እርሱም ከአለባ በኋላ ጡትን በፀረ ተሕዋስያን መንከር፣ ላሟ ስትነጥፍ አራቱንም የግት ክፍሎች በአንቲባዮቲክ ማከም፣ ግልጽ በሽታን ፈጥኖ ማከም፣ ሥር የሰደደባቸውን ላሞች ከመንጋው ማስወጣትና የማለቢያ ማሽንን መጠገን ነው። ዕቅዱ ተላላፊውን ወገን በእጅጉ ቀነሰው። ይሁን እንጂ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ በግቱ ሴሎች ውስጥ ስለሚሸሸግና ዙሪያውን ጠባሳ ስለሚያበጅ መድኃኒቱ በቀላሉ አይደርስበትም፤ ከዚያም በላይ ብዙዎቹ ዝርያዎቹ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመነጫሉ።

ሌላው ችግር የቅሪት ጉዳይ ነው። የታከመች ላም ወተት ለተወሰኑ ቀናት መደፋት አለበት፤ ምክንያቱም በወተቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት አንቲባዮቲክ ሸማቹን ከመጉዳቱ በተጨማሪ ወተቱን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ስለሚገድላቸው፣ ወተቱ እርጎም አይብም መሆን ይሳነዋል። እርጎ ጥላ ሳይረጋ የቀረባት ባለቤት ጥፋቱን ከዕቃው አጥበትና ከወይራ እጥነቱ ስትፈልግ ምክንያቱ በትናንቱ መርፌ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ጊዜ አይታሰብም። የአውሮፓ ኅብረትም መድኃኒት የለመዱ ተሕዋስያን እየበዙ መምጣታቸውን ተመልክቶ ከጃንዋሪ 28 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ አንቲባዮቲክን ያልታመሙ እንስሳትን ለመከላከል ሲባል በጅምላ መስጠትን ከልዩ ሁኔታ በስተቀር ከልክሏል። በነጠፉ ላሞች ላይ ለሃምሳ ዓመታት የተለመደው አሠራር በዚህ ደንብ ምክንያት ምትክ የሚያስፈልገው ሆነ።

ምትኩን ከወተት እርሾ ባክቴሪያዎች መካከል የመፈለጉ ሐሳብ ግን ከዚህ ደንብ እጅግ ይቀድማል። በ1928 በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በወተት ውስጥ የሚኖረው ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለ ባክቴሪያ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚያግድ ነገር እንደሚያመነጭ አስተዋሉ። ይህ ነገር በኋላ ኒሲን የሚል ስም የተሰጠው ሲሆን ባክቴሪዮሲን ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ ባክቴሪዮሲን ማለት አንድ ባክቴሪያ የቅርብ ተፎካካሪዎቹን ለመግደል የሚሠራው አነስተኛ ፕሮቲን ነው። በእንግሊዝ የነበሩት ተመራማሪዎች ማቲክና ሂርሽ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ኒሲንን በጡት በሽታ በተያዙ ላሞች ላይ የሞከሩት በ1949 ነበር። ሙከራው ወደ መደበኛ ሕክምና ሳያድግ ቀረ። ኒሲን በጎምዛዛ ነገር ውስጥ በደንብ ሲሟሟና ሲሠራ፣ ጎምዛዛነት በሌለው የግት ውስጥ ፈሳሽ ውስጥ ግን ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህም ዕጣው ከበረት ይልቅ የምግብ ፋብሪካ ሆነና በ1969 የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ለምግብ ማቆያነት ተቀበለው። በጡት በሽታ ረገድ በኋለኞቹ ዓመታት ያገኘው ድርሻ ከአለባ በፊት የጡትን ቆዳ በሚያጸዱ መጥረጊያዎች ውስጥ ነው።

ኒሲን የጎደለውን የያዘ ባክቴሪያ የተገኘው በአየርላንድ ነው። በኮርክ አውራጃ ፈርሞይ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሙርፓርክ የምርምር ማዕከል ቻጋስክ የተባለው የአገሪቱ የእርሻና የምግብ ልማት ባለሥልጣን አካል ሲሆን፣ በዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ከኮርክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ከሁለቱ ወገን ተመራማሪዎች መካከል ፖል ሮስና ኮሊን ሂል ይገኛሉ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአንድ የአየርላንድ የከፊር እርሾ ውስጥ አንድ የላክቶኮከስ ላክቲስ ዝርያ ለዩ። የከፊር እርሾ ወተትን ለማኮምጠጥ የሚያገለግል፣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያና የእርሾ ፈንገስ አብረው የሚኖሩበት ነጣ ያለ እንክብል ነው። የተገኘው ዝርያ የሚያመነጨው ባክቴሪዮሲን ላክቲሲን 3147 ተባለ፤ ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ሲሆን አንደኛው ጠላት ባክቴሪያው የግድግዳውን መሥሪያ ከሚያመላልስበት ቅባት ጋር ተጣብቆ ግንባታውን ያስቆማል፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ ሽፋኑን ቀድዶ ውስጡ እንዲፈስ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ የተመራማሪዎቹን ልብ የሳበው ጎምዛዛነት በሌለው ፈሳሽ ውስጥም ኃይሉን አለማጣቱ ነው፤ ግት ውስጥ ሊሠራ የሚችል መሆኑ የታመነው በዚህ ነው።

በመጀመሪያ የተሞከረው ንጥረ ነገሩ እንጂ ባክቴሪያው አልነበረም። ላም ልትወልድ ሁለት ወር ገደማ ሲቀራት አለባው ይቆምና ትነጥፋለች፤ በዚህ ጊዜ የጡቱን ጫፍ የሚወትፍ የኬራቲን ውታፍ በተፈጥሮ የሚበጅ ቢሆንም አንዳንዱ ጡት ሳምንታት አልፈውም ሳይዘጋ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ቢስመዝ ከሚባል ማዕድን ጨው የተሠራ ሊጥ መሰል ቅባት በጡቱ ቀዳዳ በኩል እየተጨመረ እንደ ውታፍ ያገለግላል። የሙርፓርክ ተመራማሪዎች ላክቲሲን 3147ን በዚህ ውታፍ ውስጥ ለውሰው ጡቶቹን ሆን ብለው ለበሽታ አምጪው ስትሬፕቶኮከስ ዲስጋላክቲዬ ሲያጋልጡ፣ ላክቲሲን የተጨመረበት ውታፍ የተደረገላቸው ጡቶች ውታፍ ብቻ ከተደረገላቸው ይልቅ በበሽታ የተያዙት በእጅጉ ባነሰ ቁጥር ነበር። ውታፉ አካላዊ መከላከያ፣ ላክቲሲኑ ደግሞ ውታፉን አልፎ ለሚመጣው መርዝ ሆኖ እርስ በርስ ተደጋገፉ ማለት ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ደፋር ነበር፦ ንጥረ ነገሩን አጣርቶ ማውጣት ወጪው ብዙ ስለሆነ፣ ሕያው ባክቴሪያው ራሱ በታመመው የግት ክፍል ውስጥ ተጨምሮ ላክቲሲኑን እዚያው እንዲያመርት ማድረግ። በ2008 ውጤታቸው የታተመ የመስክ ሙከራዎች፣ የተሳተፉት ላሞች ቁጥር ትንሽ ቢሆንም፣ ሕያው ባክቴሪያው ከተለመደው አንቲባዮቲክ ጋር የሚቀራረብ ፈውስ እንደሚያስገኝ አመለከቱ። ነገር ግን በግቱ ውስጥ የሆነውን በቅርበት የተከታተሉት ምርመራዎች ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። ባክቴሪያው በተጨመረ በሰዓታት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ግቱ ጎረፉ፤ በ2009 የታተመ ጥናትም የሰውነት መከላከያ ሴሎችን የሚጠሩ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩት ጂኖች፣ በተለይ የኢንተርሉኪን 8ና የኢንተርሉኪን 1 ቤታ፣ ሥራቸው ከፍ ማለቱን አረጋገጠ። በሌላ አነጋገር ፈውሱ በዋናነት የመጣው እንግዳው ባክቴሪያ ጠላቱን በመርዙ ስለገደለው ሳይሆን፣ የላሟ የራሷ መከላከያ እንግዳውን ለመጥረግ ሲነሣ ተሸሽጎ የኖረውንም በሽታ አምጪ አብሮ ስለጠረገው ይመስላል። ላክቶኮከሱ ራሱም በግቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይኖርም።

ይህ ግኝት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባክቴሪያው የሚሠራው ብግነትን በማስነሣት ከሆነ፣ በግት ውስጥ የተጨመረው ነገር መድኃኒትነቱና በሽታ አስመሳይነቱ አይነጣጠሉም፤ ለጥቂት ቀናት ወተቱ ይበላሻል፣ የሴሉ ቁጥር ይንራል፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለጥሬ ወተት የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 400,000 ሴል ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ተሠርቶ በ1991 የታተመ ንጽጽርም ላክቶባሲለስ የተባሉትን የወተት ባክቴሪያዎች በሚታለቡ ላሞች የታመመ ግት ውስጥ መጨመር ያስገኘው ፈውስ ከአንቲባዮቲኩ በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ላክቶኮከስ ላክቲስ ራሱ አልፎ አልፎ ከታመሙ ላሞች ወተት ውስጥ እንደ በሽታ መንስኤ ሆኖ መገኘቱም መዘንጋት የለበትም። ጠቃሚነት ከባክቴሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ባሕርይ አይደለምና፤ በአንጀት ወይም በእርጎ ዕቃ ውስጥ ወዳጅ የሆነው ተሕዋስ በግት ውስጥ ወራሪ ሊሆን ይችላል።

ፈረንሳውያኑ ፓስካል ሬናርና ዢል ፉክራ በ2018 ባወጡት ትችት ያነሡት ዋና ነጥብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አንጀት ከልደት ጀምሮ ከቁጥር በላይ የሆኑ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት፣ ከእነርሱም ጋር ተስማምቶ የሚኖር አካል ሲሆን፣ ጤናማ ግት ግን ውስጡ ነዋሪ ባክቴሪያ የሚያስተናግድ መሆኑ አጠራጣሪ ነው፤ ስለዚህም ለአንጀት የሠራውን የፕሮባዮቲክ ሐሳብ፣ ማለትም ጠቃሚ ሕያዋን ተሕዋስያንን ሰጥቶ ጤናን የማሻሻልን ሐሳብ፣ ወደ ግት ማሸጋገር መሠረቱ ደካማ ነው። ሁለቱ ምሁራን ግን በውጭ በጡት ጫፍ ላይ የሚደረገውን በር አልዘጉትም፤ ተጨማሪ ጥናት ይገባዋል ብለዋል። የጡት ቆዳና የቱቦው መግቢያ በእርግጥም የራሳቸው ነዋሪ ባክቴሪያዎች ያሏቸው ቦታዎች በመሆናቸው፣ እዚያ ወዳጁን አብዝቶ ለጠላት ቦታ ማሳጣት ትርጉም ይሰጣል።

በዚህ አቅጣጫ የሚጠቀሱ ሥራዎች አሉ። በፈረንሳይ ሬን ከተማ የተሠራ የላቦራቶሪ ጥናት ላክቶባሲለስ ካዜይ የተባለው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ወደ ግት ሴሎች ውስጥ እንዳይገባ እንደሚያግደው አሳይቷል፤ ስታፊሎኮከሱ ከመድኃኒት የሚሸሸግበት ዋሻ እነዚሁ ሴሎች በመሆናቸው ግኝቱ ቀላል አይደለም። በአርጀንቲና የቱኩማንና የሪዮ ኳርቶ ተመራማሪዎች ከላሞች ወተትና ጡት የለዩአቸውን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በመንጠፊያ ጊዜ የመከላከያ ኃይልን ለማንቃት ሞክረዋል፤ የነጠፈች ላም ወተት ለገበያ ስለማይቀርብ በብግነት ምክንያት የሚመጣው የሴል ብዛት እዚህ ላይ ብዙም አያሳስብም። በቻይናም ከአለባ በኋላ ጡትን በአዮዲን ፈንታ በላክቶባሲለስ ፈሳሽ መንከር ተሞክሯል።

የእነዚህ ሁሉ ወሰን ደግሞ በግልጽ መታወቅ አለበት። ኒሲንም ሆነ ላክቲሲን የሚያጠቁት እንደ ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ ያሉትን፣ ግድግዳቸው ከውጭ የተጋለጠውን ነው። ኢሸሪሺያ ኮላይ ግን በግድግዳው ላይ ሌላ የቅባት ሽፋን የደረበ በመሆኑ ባክቴሪዮሲኑ ሊደርስበት አይችልም። ጉዝጓዙ እርጥብ፣ በረቱ ጭቃ በሆነበት እርባታ ዋናው ጠላት ይኸው ኮላይ ከሆነ የከፊሩ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ምንም አያደርገውም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚነካው ሌላ ጎን አለ። እርጎን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች፣ ላክቶኮከስ ላክቲስን ጨምሮ፣ ከዚሁ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ወገን ናቸው፤ ስለዚህ ከላይ የተባለውን በግማሽ የሰማ አርቢ እርጎ ወይም አሬራ በስሪንጅ ቀድቶ ወደ ታመመ ጡት መጨመር ሊያምረው ይችላል። ይህ አደገኛ ነው። በሙርፓርክ የተጨመረው ማንነቱ የታወቀ፣ ብቻውን የረባ፣ መጠኑ የተለካ አንድ ዝርያ ሲሆን፣ የቤት እርጎ ግን እርሾ ፈንገስንና ከእጅ፣ ከዕቃና ከውሃ የገቡ ሌሎች ተሕዋስያንን የያዘ ድብልቅ ነው፤ የእርሾ ፈንገስ ደግሞ ራሱ የጡት በሽታ ያመጣል፣ በአንቲባዮቲክም አይድንም። በስሪንጁ ጫፍ የሚገባው ቆሻሻ ብቻውን እንኳ ግቱን ለማበላሸት ይበቃል።

በእጅ በሚታለብበት በረት እርግጠኛ ጥቅም ያለው የበሩ፣ ማለትም የጡቱ ቀዳዳ፣ ጥበቃ ነው። ጥጃው ጠብቶ ወተቱን ካወረደ በኋላ ጡቱን አጥቦ ለእያንዳንዷ ላም በተለየ ጨርቅ ማድረቅ፣ ጡት ለማለስለስ የሚቀባው ቅቤ ወይም ቫዝሊን ከአንድ ዕቃ በተመሳሳይ ጣት እየተጨለፈ ከላም ወደ ላም እንዳይዞር ማድረግ፣ የታመመችውን ላም መጨረሻ ማለብ፣ ከአለባ በኋላ ጡቱን በአዮዲን ነክሮ ላሟ ቆማ እንድትቆይ መኖ ማቅረብ፣ እነዚህ ሁሉ ባክቴሪያው ጠቃሚም ሆነ ጎጂ ሳይባል ይሠራሉ። መኖው የሚቀርበው ላሟን ለመሸለም ሳይሆን የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ ያለው ያ ግማሽ ሰዓት በቁም እንዲያልፍ ነው።

ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ የጡት መንከሪያ አንድ ቀን ወደ እነዚህ በረቶች ቢደርስ ደግሞ ከነባሩ አሠራር ጋር የሚጋጭበት ነገር አለ። አዮዲን ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ስለሚገድል በአንድ ጡት ላይ ሁለቱን ማፈራረቅ ባክቴሪያውን በከንቱ ማባከን ነው፤ አንቲባዮቲክ በተሰጣት ላምም ላይ ሕያው እርሾ ዕድሜ የለውም። ምርቱ ሕያው በመሆኑ ከፋብሪካ እስከ በረት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ አምራቹም ባክቴሪያው መድኃኒት የመቋቋም ጂን ለሌሎች የማያስተላልፍ መሆኑን፣ በላሟ ላይ ብግነት የማያስነሣ መሆኑንና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያህል ሕይወት ያላቸው ተሕዋስያን እስከ አገልግሎት ጊዜው ማብቂያ የሚቆዩ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል።